ዐሥራ ዘጠነኛው ትምህርት

እታለም፣

ከማሠለጥናቸው ሁለት መቶ ሰዎች መሀል ዐሥሩ ትናንት ጠዋት ጠመንጃቸውን መሬት ላይ በማስቀመጣቸው ታስረዋል።

ለመሆኑ አንቺ እንዴት ሰነበትሽልኝ? ጉልበትሽን ብርዱ እንዴት አደረገው? የስፌት መኪናሽ ፔዳል ተጠገነ ወይስ አሁንም በእጅሽ ነው የምታዞሪው? እኔ ደህና ነኝ። የላክሽልኝ ሹራብ ደርሶኛል። እጅጌው ይረዝመኛል፤ በማን ልክ እንደሠራሽው ገብቶኛል። አጥፌ እለብሰዋለሁ።

ባለፈው ደብዳቤሽ፣ ልጅሽ የወደቀበት ወንዝ ላይ በጠላት ወገን የነበረ ሰው ከማሠለጥናቸው መሀል ካለ ውሃ እንኳ እንዳላቀብለው ጽፈሽልኝ ነበር። መልስ ሳልሰጥሽ ሁለት ወር አለፈ። አሉ፣ እታለም። ከሁለት መቶዎቹ ስልሳ የሚሆኑት እዚያ ነበሩ። ውሃም ሰጥቻቸዋለሁ።

ሥራዬን በደንብ አስረድቼሽ አላውቅም። አገራቸው ወደ ግዛታችን ከተጠቃለለ በኋላ፣ ወታደሮቻቸው የእኛን መለዮ ለብሰው ለሚቀጥለው ዘመቻ እንዲሰለፉ ታዘዘ። የምናሳድራቸው ድሮ የትምባሆ መጋዘን በነበረ ቤት ነው፤ ግድግዳው አሁንም ይሸታል። ወረቀት ላይ “አዲስ ገቦች” ይባላሉ። ወጥ ቤት ውስጥ ግን “የትናንቶቹ” ነው የሚሏቸው። መጀመሪያ ሰሞን ፊታቸውን አላይም ነበር። አዛለሁ፣ ይፈጽማሉ፣ አበቃ። ጫማ የታደለ ዕለት ግን ለሁሉም ከእግራቸው ልክ በላይ የሆነ መጣ። አናጢው የምንለው ረጅም ሰውዬ ጫማውን ገልበጥ አድርጎ አየና፣ ሃምሳ አለቃ፣ ግዛቱ ሲሰፋ ጫማውም አብሮ ሰፋ እንዴ አለኝ። መሣቅ አልነበረብኝም። ሣቅሁ። ከዚያ ወዲያ ፊታቸውን አለማየት አቃተኝ።

የማሠልጠኛው መጽሐፍ አርባ ትምህርት አለው። ዐሥራ ዘጠነኛው የወደቀን ስለማለፍ ነው። አንድ ሰው መሬት ላይ ይተኛል፤ ሌላው ሁሉ በሩጫ ተራምዶት ያልፋል። የተኛው እንዲጮኽ ይታዘዛል፣ የሚሮጠው ቁልቁል ማየት አይፈቀድለትም። የወደቀውን የሚያነሱት ከኋላ የሚመጡት ቃሬዛ ተሸካሚዎች ናቸው። እኔ የተማርኩት እንዲህ ነው፤ ሰባት ዓመት ያስተማርኩትም እንዲሁ። ልጅሽንም ያስተማርኩት እኔ ነኝ።

የእነሱ ልማድ ሌላ ነው። ሰው ሲወድቅ አጠገቡ ያሉት ጠመንጃቸውን አስቀምጠው ያነሡታል። አናጢውን ለምን ብዬ ብጠይቀው እንደ ሞኝ አየኝ። አብሮህ የዘመተው የጎረቤትህ ልጅ ነው፣ ብቻህን ስትመለስ እናቱ በር ላይ ቆማ ታገኝሃለች፣ ምን ልትላት ነው አለኝ። እኔ ለአንቺ ደብዳቤ ብቻ እንደጻፍኩልሽ አልነገርኩትም።

በዚያው ሳምንት የዐሥራ ዘጠነኛው ትምህርት ተራ ደረሰ። ሜዳው ላይ አሰለፍኳቸው፣ አንዱን አስተኛሁት፤ እንደታዘዘው ይጮኽ ጀመር። ፊሽካውን አፌ ውስጥ ከትቼ መንፋት አቃተኝ። ተነሥ አልኩትና ሁሉንም ለምሳ በተንኳቸው። ሰዓቱ ገና አራት ተኩል ነው። የበሩ ዘበኛ፣ ሃምሳ አለቃ፣ ምሳና ቁርስ ታረቁ እንዴ ብሎ ቀለደብኝ። ቢሮ ገብቼ መዝገቡ ላይ “ትምህርቱ ተሰጥቷል” ብዬ ፈረምኩ።

ትናንት ጄኔራሉ ሊያያቸው መጣ። በግንድ ላይ በሩጫ ቦይ ሲሻገሩ አናጢውን አዳለጠውና ወደቀ። እግሩ ከጉልበቱ በታች ሲሰበር ድምፁን ሁላችንም ሰማነው። ወዲያው ዐሥር ሰዎች ጠመንጃቸውን ሣሩ ላይ አጋድመው ወደ ቦዩ ወረዱ። ተጠንቅቀው ነው ያስቀመጡት፤ አፈ ሙዙን ከሰው አዙረው፣ ልክ እኔ እንዳሳየኋቸው። ጄኔራሉ ፊቱ ደም መሰለ። የንጉሠ ነገሥቱን መሣሪያ ዓይኔ እያየ ጣሉት፣ ይኼ አድማ ካልሆነ ምን ሊባል ነው አለ። አናጢውን ሐኪም ቤት ወሰዱት፣ ዐሥሩን እስር ቤት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ትምህርቱን ወስደው ከሆነ ያደረጉት አውቀው ትእዛዝ መጣስ ነው፤ ቅጣቱ በጥይት መደብደብ ነው። ካልወሰዱ ጥፋቱ የአሠልጣኙ ነው። መዝገቡ ወስደዋል ይላል።

ሻምበሉ ዛሬ ቢሮዬ መጥቶ በሩን ዘጋ። አንተ ሰውዬ፣ መዝገቡ ይናገርልህ፣ አንተ ዝም በል፤ ጡረታህ ሁለት ዓመት ቀርቶት ለትናንቶቹ ብለህ ወህኒ ልትወርድ ነው ወይ አለኝ። ለእኔ አስቦ ነው፣ አልቀየምኩትም። ግን ዛሬ አናጢውን ልጠይቀው ሄጄ ነበር። ስለ እግሩ አንድም ነገር አላነሣም። የታሰሩት ልጆች በልተዋል ወይ ብቻ ነው ያለኝ። በልተዋል አልኩት። አላውቅም ነበር።

ፍርድ ቤት ቀርቤ ትምህርቱን አልሰጠሁም ስላቸው፣ ለምን ብለው መጠየቃቸው አይቀርም። የዚያን መልስ ከፍርድ ቤት ወረቀት ላይ፣ በማታውቂው ሰው የእጅ ጽሑፍ እንድታነቢው አልፈልግም።

ያኔ፣ ልጅሽ ወዲያው አረፈ፣ እኔም ሩቅ ነበርኩ ብዬ ጽፌልሽ ነበር። ሩቅ አልነበርኩም፣ እታለም። ጥቃቱ የተጀመረው ጎሕ ሲቀድ ነው፤ ቃሬዛ ተሸካሚዎቹ ወንዙ ዳር የደረሱት ቀትር ካለፈ በኋላ ነው። ከዚያ ሁሉ ሰው መሀል አጎቴ ብሎ የሚጠራኝ አንድ ብቻ ነበር። በሰው ፊት እንዲህ እንዳትለኝ፣ እንደሌላው ሃምሳ አለቃ በለኝ ብዬ ከልክዬው ነበር። ታዛዥ ልጅ ስለነበር አንድ ቀን እንኳ ተሳስቶ አያውቅም። ያን ቀን ጠዋት ግን ሁለት ጊዜ ጠራኝ።

ቁልቁል አላየሁም።

ይህን ካነበብሽ በኋላ የምትይኝ ነገር ካለ የሰፈሩ ጸሐፊ ይጻፍልሽ፤ ዓይንሽን አታድክሚ። ባትጽፊም ይገባኛል። ፈጣሪ ጉልበትሽን ያጽናልሽ፣ ብቻሽን የምታመሺበትን ቤት ሰላም ያድርግልሽ፤ ለዚያ ልጅ አፈሩን ያቅልልለት።

ይህን ደብዳቤ ነገ የሚወጣው የዕቃ መኪና ይዞት ይመጣል፤ ረቡዕ እጅሽ ይገባል። የጦር ፍርድ ቤቱ የሚቀመጠው ሐሙስ ጠዋት በሦስት ሰዓት ነው። መጀመሪያ የሚጠሩት እኔን ነው።

ታናሽ ወንድምሽ