በኡዘይር ጀናዛ ላይ ዝም ያለው ሰው

ጎንደር፣ አዘዞ
የካቲት 23 ቀን 2006 ዓ.ም.

ይድረስ ለማከብርሽ ለወንድሜ ባለቤት፣ ለእታለም፤

የአላህ ሰላም ያለሽበት ድረስ ይምጣልሽ። ከዚህ ከወጣሽ ወዲህ ጤናሽ እንዴት ነው? አባትሽን እግራቸውን ተሻላቸው? እናትሽስ ደኅና ናቸው? ሽንብራችሁ ተሰብስቦ አለቀ? ዘንድሮ በደንቢያ ወባው በርትቷል ሲሉ ሰምቼ አሳብ ይዞኛል፤ አጎበር ሳትዘረጊ እንዳትተኚ።

እኛ አልሐምዱሊላህ አለን። እማ «ደኅና ነን ብለህ ጻፍ» ስላለችኝ ደኅና ነን። እኔ ግን ደኅና ነን ብዬ ወረቀቱን ማጠፍ አልቻልኩም። ስለ ቤቱ ልነግርሽ የሚገባ ነገር አለ። ቤቱ ያንቺም ነውና ከሌላ ሰው አፍ ከምትሰሚው ከእኔ ብትሰሚው ይሻላል ብዬ ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ከኡዘይር ጀናዛ፣ ከቀብሩ ዕለት ነው። አንቺ ከሴቶቹ ጋር ቤት ስለነበርሽ አላየሽም፤ በኋላም የነገረሽ ሰው ያለ አይመስለኝም። ሶላቱ ሊሰገድ ሲል ሼሁ ወደ እኔ ዞሩ። አባታችን በሕይወት ስለሌለ ቃሉን የምናገረው እኔ ነበርኩ። እሳቸው ቀስ ብለው ያሉኝን እኔ ጮክ ብዬ ደገምኩት፦ «ወንድሜ የሰው ገንዘብ ካለበት ባለገንዘቡ ወደ እኔ ይምጣ። ዕዳው በእኔ ላይ ነው።»

ሰው ወዲያው መመለስ ጀመረ። ክር የሚያመጣለት ሰውዬ አውፍ ብያለሁ፣ ትቼለታለሁ አለ። የሱቁ አከራይ የሰኔን ኪራይ አውፍ ብያለሁ አለ። አንድ የኮላ ድባ ሰው ደግሞ ለሱፍ ልብስ ቀብድ ከፍሎ ኖሮ፣ ቀብዱን አውፍ ብያለሁ፣ ጨርቁን ግን ካልቆረጠው መልሱልኝ አለ። ከኋላ የቆሙት ሳቃቸውን መቆጣጠር አቃታቸው። እኔም ከንፈሬን ነከስኩ። ኡዘይር ቢሰማው ከሁሉም በላይ የሚስቀው እሱ ነበር።

ክርስቲያን ጎረቤቶቻችን ከአጥሩ ውጭ ቆመው ነበር። ከነሱ መካከል ከቤታችን በታች አንደኛ ፎቅ የሚኖሩት ጋሽ ዓለምነው ነበሩ። የሚሠሩት ኡዘይር ለቤቱ በተበደረበት ባንክ፣ በብድር ክፍል መሆኑን ታውቂያለሽ። ያልኩትን ሁሉ ሰምተዋል፤ አንድም ቃል አልተነፈሱም። አጎታችን አያ ሸሪፍ ይህን አይተው፣ ከቀብር ስንመለስ ለእማ የባንኩ ሰውዬ ቆሞ ሰምቶ ዝም አለ ብለው ነገሯት። እኛ ዘንድ በጀናዛ ላይ ተጠርቶ ዝም ያለ ሰው ደግሞ ነገሩን እዚያው ትቶታል ማለት ነው። ከሁለት ሳምንት በኋላ ጋሽ ዓለምነው መጥተው፣ ለኃላፊዎቹ ለምነው ለስድስት ወር የእፎይታ ጊዜ እንዳገኙልን፣ እስከዚያ ማንም እንደማይጠይቀን ሲነግሯት፣ እማ ቀድሞም ታውቀው የነበረውን ነገር ያረጋገጡላት መሰላት። ስድስት ወር ያሉትን አልሰማችውም። እኔ ሰምቼዋለሁ፤ ግን ባንክም እንደ ሰው ሐዘን ሲያይ ይተዋል ብዬ ልቤ ማመን ፈለገ።

የልብስ ስፌት መኪኖቹን ሁለቱንም የሸጠቻቸው ያኔ ነው። አንቺ የባልሽን ሐዘን ወራት፣ ዒዳሽን ተቀምጠሽ ስለነበር ሲወጡ አይተሻል። በገንዘቡ ለመስጊዱ የውኃ ታንከር አስገዛችበት፤ ሰው ለሶላት በታጠበ፣ ውዱእ ባደረገ ቁጥር ምንዳው ለኡዘይር እንዲደርሰው። ሥራው ሸጋ ነው፤ እኔ የምለው የለኝም። ግን አሁን ጁሙዓ ጁሙዓ አንዱ ቧንቧውን ከፍቶ ሲያወራ ሳይ የወር ክፍያችን የሚፈስ ይመስለኛል። አላህ ይቅር ይበለኝ።

ጥር በገባ በሳምንቱ ጋሽ ዓለምነው ወደ ላይ ወጡ። ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ፤ የቀረበላቸውን ሻይ አልነኩም። እፎይታው ማለቁን፣ ከዚህ ወር ጀምሮ ክፍያው እንደሚቀጥል፣ የስድስቱ ወር ወለድም በላዩ እንደተደመረ ተናገሩ። ሦስት ወር ካልተከፈለ ማስጠንቀቂያ እንደሚወጣ፣ ከዚያ በኋላ ነገሩ ወደ ሐራጅ እንደሚሄድና እሳቸውም ሊያቆሙት እንደማይችሉ ተናገሩ። እማ እስኪጨርሱ ጠበቀቻቸው።

«አንተ ከአጥሩ ሥር ቆመህ አልነበረም?» አለቻቸው።

ነበርኩ አሉ።

«ልጄ ሲጣራ ሰምተሃል?»

ሰምቻለሁ አሉ።

«ታዲያ ያኔ ምነው ዝም አልክ?»

ጋሽ ዓለምነው ምን እንደተጠየቁ የገባቸው ቆይቶ ነው። ሲገባቸው ፊታቸው ተለወጠ። «እትዬ ሐዲጃ፣ እኔ እኮ ጎረቤቴን ልቀብር ነው የመጣሁት» አሉ። «ገንዘቡ የራሴ ቢሆን ያኔውኑ አውፍ እል ነበር።»

እማ አልተቆጣቻቸውም። እንዲያውም ሻይህ ቀዘቀዘ ብላ ሌላ ቀዳችላቸው። ከሄዱ በኋላ ግን በመስኮቱ በኩል ወደ አውሮፕላን ማረፊያው ስታይ ቆየችና፣ «ይኸን ሁሉ ወር ልጄ በዕዳ ታስሮ እኔ ሰው ውኃ አጠጣለሁ» አለች። የሟች ነፍስ ዕዳው እስኪከፈል ተንጠልጥላ ትቆያለች ይባል የለ? ከዚያን ቀን ወዲህ ስለ ቤቱ ስታነሳ አልሰማኋትም። የምታስበው ኡዘይርን ብቻ ነበር። ወለዱስ ብላ ሼሁን ጠይቃቸው ነበር። ውሉን ባይገባ ይሻለው ነበር፤ ከገባ በኋላ ግን በስሙ የቀረውን መጨረስ የቤተሰቡ ነው አሏት።

እኔም «በእኔ ላይ ነው» ያልኩት እኔ ነኝ። ያን ያህል ሰው ፊት ያልኩትን ቃል ደብተሬን ይዤ ትምህርት ቤት እየተመላለስኩ ልረሳው አልቻልኩም። በማራኪ መስመር የሚሠራ የሚኒባስ ሾፌር በረዳትነት ሊወስደኝ ተስማምቶ ነበር። ለእማ ስነግራት ቀና ብላ አየችኝ፤ ከዚያ ዓይኗ ወደ ሱሪዬ ወረደ። የደንብ ልብሴን ሲሰፋ ኡዘይር ከግርጌው ብዙ ጨርቅ አጥፎ ወደ ውስጥ አስገብቶ ነበር። በቁመት በጨመርኩ ቁጥር እማ ፈታ ታረዝምልኛለች፤ አሁንም ገና የሚፈታ ቀርቷል። ወንድምህ እስከ አሥራ ሁለተኛ ነው የሰፋልህ፣ አንተ በአሥረኛ ልታቆመው ነው? አለችኝ። ስለ ረዳትነቱ ሁለተኛ አላነሳሁም።

ያን ሰሞን አያ ሸሪፍ መጡ። ገንዘቡን እሳቸው ሊከፍሉ ቆርጠዋል። ክፉ ሰው እንዳልሆኑ ታውቂያለሽ። ግን ቤቱ በእሳቸው ስም ይዛወር፣ አንቺም ሸሪዓ ፍርድ ቤት ቀርበሽ ድርሻሽን ልቀቂ አሉ። እኛ እንደ ድሮው እንኖራለን፤ አንቺን ግን ልጁን ወለድ ውስጥ የከተተችው እሷ ስለሆነች ትውጣ ነው ያሉት። ኮላ ድባ ሄዶ የሚያናግርሽ ሽማግሌም አዘጋጅተው ነበር።

እታለም፣ ይህንኑ ቃል ዒዳሽን የጨረስሽ ዕለት ከእማ አፍ ሰምተሽዋል። እኔ ሻንጣሽን ይዤ በሩ ላይ ነበርኩ። ደረጃውን ወረድሽ። አባትሽ ታች ሲጠብቁሽ ነበር፤ እኔም ሻንጣሽን እንደያዝኩ እስከ ሚኒባሱ ሸኘሁሽ። ስለዚህ አያ ሸሪፍ ያን ሲናገሩ እማ ትስማማለች ብዬ ነበር። አልተስማማችም። «ልጄ ሚስት የምትጎትተው ሕፃን አልነበረም። ቤት የፈለገው ራሱ ነው» አለቻቸው። ያን ዕለት ያልኩት የሐዘን ወሬ ነው፣ አንተ ደግሞ ሐዘን ሳይዝህ አትድገመው አለቻቸው። አያ ሸሪፍ ተቆጥተው ወጡ። በማግስቱ ስኳር ላኩልን፤ ስለ ቤቱ ግን መልእክት አልነበረውም።

ጥርን ሳንከፍል አለፈ፤ የካቲትም ጋመሰ። ሦስተኛው ወር ሳይመጣ እማ ባንክ ሄጄ አለቃቸውን በራሴ አፍ እለምናለሁ አለች። ከትምህርት ቤት አስፈቅጄ አብሬያት ሄድኩ። አለቃውን ከማግኘታችን በፊት ጋሽ ዓለምነው ስንት እንደደረሰ ልይላችሁ ብለው ኮምፒውተሩን ከፈቱ። አዩት። መነጽራቸውን ጠርገው ደግመው አዩት። ከዚያ ሌላ ልጅ ጠርተው አሳዩት።

ተከፍሏል አሉን፤ ጥርም የካቲትም። ማን ከፈለው? ብላ እማ ጠየቀች። ከኮላ ድባ ቅርንጫፍ ነው የገባው፣ ከፋዩ የኡዘይር ቤተሰብ ከማለት ሌላ ያስጻፈው የለም አሉ። ይህን ሲናገሩ እኔን አላዩኝም፤ እማንም አላዩዋትም።

በሚኒባስ ወደ አዘዞ ተመለስን። ልንወርድ ስንል እማ፣ ጨርቁን መልሱልኝ ያለው የኮላ ድባ ሰው ይሆናል፣ ተጸጽቶ ነው አለች። ሊሆን ይችላል አልኳት።

እታለም፣ ኮላ ድባ ትንሽ ከተማ ናት። የብድሩን ቁጥር የሚያውቅ ሰው ደግሞ እዚያ ብዙ አይመስለኝም። ያንን ሰው ካገኘሽው ይህን ንገሪልኝ። አላህ ይስጠው፤ ውለታው ሜዳ አይወድቅም። ከእንግዲህ ግን ይብቃው። ወርቁን ሸጦ ከሆነ የቀረውን እንዳይሸጥ። የራሱ ሰርግ ካለበትም ለዚያ ይያዘው፤ ሰው ጎጆ ሲወጣ ባዶ ጆሮውን መውጣት የለበትም።

ይህን የምለው መላ ስላገኘን ነው። ቤቱን ልናከራየው ነው። ጽጌሬዳ የምትባል ነርስ ከባሏ ጋር ልትገባበት ተስማምታለች፤ ኪራዩ የባንኩን ክፍያ ይሸፍናል፣ ለእኛም ጥቂት ይተርፋል። እኛ አዲስ ዓለም ሰፈር አንድ ክፍል ይዘናል፤ ለመስጊዱም ለትምህርት ቤቴም ይቀርባል። መጀመሪያ እማ እሺ ትላለች ብዬ አልጠበቅኩም ነበር። ኡዘይር ከተኛበት ክፍል ወጥታ እንደማትኖር ብዙ ጊዜ ተናግራለች። ከባንኩ በተመለስን በማግስቱ ግን መጋረጃዎቹን ስታወርድ አገኘኋት። የማናውቀው ሰው እየከፈለልን እኛ መስኮት ላይ ተቀምጠን አውሮፕላን አንቆጥርም አለችኝ።

የኪራይ ውሉ ላይ ያንቺም ፊርማ ያስፈልጋል። ቤቱ በሁለታችሁ ስም ነው፤ እንደዚያው ይቆያል። ስምሽን የሚያስወጣ ሽማግሌ ወደ አንቺ አይመጣም፤ ቢመጣም ከእኛ የተላከ አይደለም። ሰኞ ጧት ብትመጪ በአንድ ቀን ያልቃል።

ሌላም ነገር አለ። ባለፈው ቅዳሜ ከኮላ ድባ ጤፍ ይዛ የመጣች ሴት ስላንቺ የሰማችውን ለእማ ነገረቻት። አንቺ ራስሽ እስክትነግሪን እኛ አንጠይቅሽም። እማ የጠየቀችው ሰውዬው ይሰግድ እንደሆነና ቁጡ እንዳይሆን ብቻ ነው። ይሰግዳል፣ ረጋ ያለ ሰው ነው አለቻት። እማ አልሐምዱሊላህ ብላ ጤፏን ሳትከራከር ገዛቻት፤ ይህ በዕድሜዋ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም። እኔ ግን እውነቱን ልንገርሽ፤ መጀመሪያ ስሰማ ኡዘይር ሁለተኛ የሞተ መሰለኝ። አሁን እንደዚያ አይሰማኝም። አንቺ ሃያ አራት ዓመትሽ ነው።

ትናንት ከሰዓት፣ ከዐስር ሶላት በኋላ ይህን ደብዳቤ ስጀምር እማ አጠገቤ መስገጃዋ ላይ ነበረች። የዚያን ሰው ስም ባውቅ፣ ዱዓ ሳደርግ በስሙ ብጠራው ደስ ይለኝ ነበር አለች። አላህ ያውቀዋል አልኳት። «እሱስ ያውቃታል» አለች። ከዚያ መስገጃዋን አጥፋ ተነሣች፤ ሰኞ ትምህርት አለብህ፣ መናኸሪያ ወርጄ የምቀበላት እኔ ነኝ ብለህ ጻፍ አለችኝ።

አላህ መንገድሽን ያቅናልሽ፤ ከወባ ከክፉ ነገር ይጠብቅሽ፤ ያሰብሽውን በኸይር ይፈጽምልሽ። አባትሽንና እናትሽን ሰላም በይልኝ።

ኡዘይር ባይኖርም
ታናሽ ወንድምሽ