ከዝርዝሩ የወጣው የሳዮ ስም

ውድ ልጄ ናሆሚ፣

ሰላመ እግዚአብሔር ከአንቺ፣ ከባልሽ ከኬንጂና ከሰባ ቀኗ ሕፃን ጋር ይሁን። ትናንት ማርቲንዴል ከቤታችሁ ሳልሰናበት የወጣሁት ተቆጥቼ ነው። ዛሬም አልበረደልኝም፤ በስልክ ከምጮህብሽ መጻፉን መረጥሁ።

«አባባ፣ የጃፓን ቆንስላው የልጅቷን የስም ፎርም ሪጀክት አድርጎታል፤ ካራክተሩ ሊስቱ ላይ የለም። ዓርብ ሌላ መርጠን እናስገባለን፤ ቢግ ዲል አይደለም» አልሽኝ። አማትሽ እትዬ ፉሚኮ ሕፃኗን እንደታቀፉ ዝም አሉ። ዝምታቸውን እሺታ አደረግሽው።

ለሕፃኗ የታሰበው ያ ፊደል እሳቸውን ያሳደገች የታላቅ እኅታቸው የሳዮ ስም ነው። እርሷ ስትወለድ እንዲህ ያለ ዝርዝር አልነበረም። በፈረንጆች 1946 ዓ.ም. የጃፓን መንግሥት ለዕለት ጽሕፈት 1,850 ፊደላትን መርጦ የቀሩትን ገሸሽ አደረገ፤ ብዙም ሳይቆይ ከተፈቀደው ውጭ ባለ ፊደል የልጅ ስም አይመዘገብም ተባለ። ይህን የነገረኝ ባልሽ ነው። ዝርዝሩ ግን ከዚያ ወዲህ ደጋግሞ ተከፍቷል፤ ፍርድ ቤት ቆመው ለልጃቸው ፊደል ያስፈቀዱ ወላጆችም አሉ። ሰው የዘጋውን ሰው ይከፍተዋል።

ባለፈው እሑድ ዶቨር እኔ ቤት ስትመጡ እትዬ ፉሚኮን ፊደሉን አስተምሩኝ አልኋቸው። ብራና ላይ እንደለመድሁት እግሩን አስቀድሜ ብሰነዝር እጄን መታ አድርገው «ኖ፣ ኖ!» አሉኝ። ሃያ አንድ ጭረት ነው። ስጨርስ አይተው ሳቁ፤ ኬንጂም «ፊደሏ ሰክራለች፣ ልትወድቅ ነው ይላሉ» ብሎ ተረጎመልኝ። በአምስተኛው ሙከራ ቀጥ ብላ ቆመች፤ እሳቸውም በጣታቸው ዳስሰዋት አለቀሱ። እኒህ ሴት ናቸው ተስማሙ የምትዪኝ?

ልጄ፣ ነግሬሽ የማላውቀው ነገር አለ። እናትሽ ያወጣችልሽ ስም ተናኘ ነበር፤ የእናቷ ስም። ናይሮቢ የስደተኛ ፎርማችን ሲሞላ አስተርጓሚው «መሪጌታ፣ ፈረንጅ የሚያውቀው ስም ይሻላል፤ ፋይሉ ቶሎ ይሄዳል» አለኝ። እሺ ብዬ ናሆሚ አስባልሁሽ። ከቅዱስ መጽሐፍ የወጣ መልካም ስም ነው ብዬ ራሴን አጽናናሁ። እናትሽ ግን እስክታርፍ ድረስ ተናኘ የሚለውን ስም ዳግመኛ አልጠራችም። ያን ቀን አንገቴን ደፍቻለሁ፤ ሁለተኛ አልደፋም።

ስለዚህ ስሚኝ። የምዝገባው የሦስት ወር ገደብ አልፎ ልጅቱ የአባቷን ዜግነት እንዳታጣ ዓርብ አስመዝግቧት፤ ነገር ግን ሕጉ በሚፈቅደው፣ ድምፅን ብቻ በሚጽፈው ፊደላቸው «ሳዮ» ብላችሁ አስገቡ። ሌላ ፊደል አትተኩባት። የፊደሏ ቦታ ባዶ ሆኖ ይጠብቃት፤ ዝርዝሩ አንድ ቀን ይከፈት ይሆናል።

በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ስትነሣ መዝገቡን የምጽፈው እኔ ነኝ። የዓለም ስም በሚለው መስመር ላይ ሃያ አንዱንም ጭረት አሰፍራለሁ። አስተዳዳሪው ቢጠይቁኝ እመልሳለሁ፤ ቆንስላው ቢጠይቀኝም እመልሳለሁ። ከዚያ በታች የእናት ስም የሚል መስመር አለ። ናሆሚ ልበል ወይስ ተናኘ? እርሱን አንቺ ነሽ የምትነግሪኝ፤ ብዕሬን ይዤ እጠብቅሻለሁ።

አባትሽ
መሪጌታ ኪራኮስ