ጉጉቷ እንድትለቅ

ውድ ወንድሜ ናኦያ፣ ቶኪዮ እንዴት ይዛሃለች? እኛ እዚህ ኩሺሮ ደህና ነን። የሳልሞኑ ቋንጣ ደረሰህ?

አንድ ነገር ግራ ገብቶኛል። ትናንት መኪና የገጫት ጉጉት እንድናክማት አመጡልን። አባባ እንደ ልማዱ በአያቶቻችን ወግ መዳፎቹን አሻሽቶ፣ “የመንደራችን ጠባቂ፣ እንኳን ደህና መጣሽ” ብሎ እጅ ነሣት። ክንፏን ሲያስር ግን እጁን በጥፍሯ ጨመደደችው። እሱ ጣቶቿን ሊፈለቅቅ ይታገላል! እግሯን ሳብ አድርጌ ስዘረጋው ወዲያው ለቀቀች። ልጆች ሳለን “እግሯ ሲታጠፍ ጣቷ ይቆለፋል፣ ሲዘረጋ ይከፈታል” እያለ ያሰለቸን እሱ አልነበር?

አባባ ደሙን እየጠረገ፣ “ጎበዝ! ይኼን ደግሞ ማን አስተማረሽ?” አለኝ።

ቀልዱን ነው ብዬ ሳቅሁ። እሱ ግን መልሴን ይጠብቃል።

ሥራ ከፈቀደልህ፣ በረዶው ሳይጥል ብቅ በልና አባባ ዓይንህን ይይ።

በደህና ያገናኘን፤
እህትህ ሺዙኤ