ቆሞ ስለተሾመው አሰልጣኛችን፣ ተቀምጦ ከዋለው ልብስ ሰፊ

ለተከበራችሁ የእግር ኳስ ክለባችን አመራር ኮሚቴ ሰብሳቢና አባላት፣

የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ ጤናችሁን እጠይቃለሁ፤ በተለይ የዓይናችሁን። የክብር ወንበራችሁ ከሜዳው ርቆና ከፍ ብሎ የተሠራ በመሆኑ፣ እዚያ ላይ ሆኖ ሰውን ከሰው መለየት ምን ያህል እንደሚያደክም ይገባኛል። እኔም መርፌ ውስጥ ክር ለማስገባት መነጽር ከጀመርኩ ቆይቻለሁ።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ ላስረዳ። አሰልጣኛችን በውድድሩ አጋማሽ ሌላ ክለብ ጠርቶት ሲሄድ፣ ቡድኑን ለጊዜው እንድይዝ የተለመንኩት እኔ ልብስ ሰፊው ነበርኩ። ኳስ ያስተማረኝ ትምህርት ቤት የለም፤ ከስፌት መኪናዬ ፊት ለፊት ከተሰቀለው ቴሌቪዥን ጋር እየተጨቃጨቅኩ ራሴን በራሴ አስተማርኩ። እንዲያም ሆኖ ቡድኑ ከጭራ ተነስቶ ወደ መካከል ወጣ። እናንተም «ቋሚውን አሰልጣኝ የምንመርጠው የቅዳሜን ጨዋታ አይተን ነው» አላችሁ። አያችሁ። መረጣችሁም፤ የባለቤቴን ወንድም።

መኪና መንዳት የሚያስተምረው አማቼ ለዚህ ወግ በመብቃቱ ደስታዬ ወሰን የለውም፤ እንዲያውም እንቅልፍ ከልክሎኛል። ሆኖም ጥቂት ቅሬታዎቼን በትሕትና ላቅርብ።

፩. የሹመት ማስታወቂያችሁ አማቼ «ጨዋታው እስኪያልቅ አንዴም ሳይቀመጥ፣ ወገቡን ይዞ፣ ፊቱን አጨማዶ ለቡድኑ ሲቃጠል» መታየቱን ይገልጻል። እውነት ነው። አማቼ ቁም ሣጥን ሲያነሳ ወገቡን አሞት ሐኪም እንዳይቀመጥ ከልክሎት ነበር። ተመልካች መሀል ቆሞ ሰው እንዳይጋርድ በማለት፣ ዘበኛውን «ቤተሰብ ነው፣ አሳልፈው» ብዬ፣ እጁን ይዤ ከተጠባባቂዎቹ አጠገብ ያቆምኩት ራሴ ነኝ። ለዚህ ትብብሬ ምስጋና ያልተጻፈልኝ በሥራ ብዛት እንደሆነ አምናለሁ።

፪. የማሸነፊያው ጎል ሲገባ አማቼ ጎንበስ ብሎ ጉልበቱን በቡጢ መምታቱ «ቡድኑን የሚያነቃ» ተብሎ ተወድሷል። ጎሉን ያገባው ዳቦ ጋጋሪያችን ግን ከዕረፍት በኋላ ከኋላ መስመር ወደ ፊት የተዛወረው በእኔ ነው፤ ያዛወርኩት ተቀምጬ ስለሆነ አልታያችሁም። ክቡር ሰብሳቢያችን ከጨዋታው በኋላ ወርደው «አንተ ሰውዬ፣ እንዲህ ያምሃል እንዴ?» ብለው ትከሻውን ሲያቅፉት፣ አማቼ «ኧረ ተዉኝ፣ ሌሊቱን ሙሉ ስገላበጥ ነው የማድረው» አላቸው። ሰብሳቢያችን መሐረብ አውጥተው ዓይናቸውን ጠረጉ። አማቼ ዋሽቶ አያውቅም፤ የተጠየቀውን ነው የመለሰው።

፫. ስለ እኔ «ተቀምጦ ዋለ፤ ስሜት ይጎድለዋል» ተብሏል። ቆሞ ልብስ የሚሰፋ ሰው ካያችሁ አሳዩኝ። እኔ ማን እንደደከመ፣ ማን እንዳኮረፈ፣ የማን ጉልበት እንደከዳው አጥርቼ የማየው አርፌ ስቀመጥ ነው።

፬. ይህኛው ቅሬታ ሳይሆን ቅናት ነው፤ እናንተ ከምትሉኝ ራሴ ልበለው። የአዲሱን አሰልጣኝ ቱታ የመስፋት ትእዛዝ የደረሰው ለእኔ ነው። ልኩን ስወስድ «ጋሼ፣ ወገቡን እንዳታጠብቀው» አለኝ። ደረቱ ላይ «ዋና አሰልጣኝ» ብዬ በገዛ እጄ ጠለፍኩለት። ከማስረከቤ በፊት ለብሼው መስታወት ፊት መቆሜን አልክድም፤ ትከሻው ልክክ ብሎልኝ ነበር። ባለቤቴ ከበሩ ሆና «አንተ ሰው፣ አውልቅ እንጂ! ወንድሜ ቆሞ እየጠበቀ ነው» አለችኝ። አወለቅኩ። ቡድኑን በያዝኩበት ጊዜ ሁሉ ተጫዋቾቹ «አጎቴ» ይሉኝ ነበር። አማቼን በመጀመሪያው ቀን «አሰልጣኝ» አሉት። ይቺ ቃል ለእኔ አንድ ቀን እንኳ ሳትደርሰኝ መቅረቷን ነው ሆዴ ያልቻለው።

ይህም ሆኖ አዲሱ አሰልጣኝ በየምሽቱ ሱቄ ብቅ ብሎ «ጋሼ፣ እሁድ ማንን ላሰልፍ?» ይለኛል። እኔም እያጉረመረምኩ እነግረዋለሁ፤ ቢቀናኝም ቡድኑ ሲሸነፍ ማየት አልችልም። ስለዚህ ሹመቱ በጠቅላላ ጉባኤ ከመጽደቁ በፊት አንድ ነገር ብቻ እለምናለሁ፦ ተጫዋቾቹን ጠይቋቸው። እነሱ ሜዳ ውስጥ ስለሆኑ ከእናንተ ይልቅ ቀረብ ብለው አይተዋል።

ከፍታችሁን ያዝልቅላችሁ እያለ የሚመርቃችሁ፣
የዋናው አሰልጣኝ ልብስ ሰፊ፣ አማችና ያልተሾመ የምሽት አማካሪ

ማሳሰቢያ፦ እሁድ ትኬቴን ቆርጬ ከተመልካቹ መሀል እገኛለሁ። ከእኔ ጎን ቆሞ ጨዋታው እስኪያልቅ የሚጮኸውን ሰው ግን አደራ እንዳትሾሙት፤ ውኃ ሻጩ ነው፣ የሚጮኸውም ለገበያው ነው።