ወላጅ ይዛ ትምጣ

ውድ እታለም፣

ይህን በስልክ ልነግርሽ ሦስት ጊዜ ሞክሬ ነበር። ድምፅሽን ስሰማ አፌ ከእኔ ቀድሞ «ደህና ነን፣ እማዬም ደህና ናት፣ አታስቢ» ይላል፤ ለምዶበታል። እጄ ግን እንደ አፌ አልሠለጠነም፣ ለመዋሸት ይሰንፋል። ስለዚህ እማዬ ከምሳ በኋላ ጋደም ባለችበት ሰዓት፣ የምሰፋውን መጋረጃ ገፋ አድርጌ ከስፌት መኪናው አጠገብ ቁጭ ብዬ ልጻፍልሽ። ጽሑፌ ቢንጋደድ ድካም ነው፣ ሌላ ነገር እንዳይመስልሽ።

ዋሽቼሻለሁ። ባለፈው ዓመት ጡቴ ላይ እብጠት አገኘሁ ስልሽ ደንግጠሽ «ዛሬውኑ ታዪ» አልሽኝ። ታየሁ። እዚህ ድረስ እውነት ነው። ሐኪሟ ዳሰሰችኝና ናሙና መወሰድ አለበት ብላ ቀጠሮ ሰጠችኝ። ከዚያ በኋላ የነገርኩሽ ሁሉ፣ ናሙናውን ወሰዱ ያልኩሽ፣ የስብ እባጭ ነው አሉኝ ያልኩሽ፣ ሁሉም ከራሴ ያወጣሁት ነው። አልሄድኩም። አራት ጊዜ ቀጠሮ ተሰጥቶኝ አራት ጊዜ ቀርቻለሁ። አንቺ በስልክ ፈጣሪን ስታመሰግኚ እኔ ዓይኔን በጨው አጥቤ «አሜን» እል ነበር።

እንዴት ሰው ከቀጠሮው ይቀራል ትዪ ይሆናል፤ ያውም እኔ። የእማዬ ክትትል በዚያው ሆስፒታል ግቢ ውስጥ እንደሆነ ታውቂያለሽ። በግራ በኩል ያለው ሕንፃ የመርሳት ሕመም ያለባቸው የሚታዩበት ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ በየወሩ ስወስዳት አንድም ቀን አልቀረሁም። እዚያ ያለው ነርስ ሌሎቹን አስታማሚዎች ሲቆጣ እኔን ነው የሚጠቅሰው፤ ዝናብ አይል ፀሐይ አይል፣ ሁልጊዜ ከሁሉ ቀድማ ትገኛለች ይላቸዋል። በቀኝ በኩል ባለው ሕንፃ ደግሞ ያው እኔ በቀይ እስክሪብቶ የተጻፍኩ ቀሪ ነኝ። በሁለቱ መሃል አንድ የመኪና ማቆሚያና ሁለት ዛፍ ብቻ ነው ያለው።

የመጀመሪያው ቀን ከእማዬ ቀጠሮ ጋር ተጋጨብኝ፤ ያው የሷን አስቀደምኩ። በሁለተኛው ጠዋት እማዬ የበሩን ቁልፍ ደበቀችብኝ፤ ስፈልግ ስፈልግ ውዬ ከቀትር በኋላ ስኳር ዕቃው ውስጥ አገኘሁት። እነዚህን ሁለቱን ለማንም ብናገር ይረዳኛል። ሦስተኛው ግን ምክንያት የለውም። ጎረቤታችን ልብስ ተኳሿ «ቀኑን ሙሉ እኔ እይዛታለሁ፣ ሂጂ» ብላኝ፣ ታጥቤ፣ ደህና የውስጥ ልብሴን ለብሼ እስከ ግቢው በር ሄድኩ። ጥበቃው ቦርሳዬን ፈትሾ «ግቢ» አለኝ። አመሰግናለሁ ብዬ ተመለስኩ። ምንም አላሰብኩም ብልሽ ታምኚኛለሽ? እግሬ ነው የዞረው። ጨርቅ መሸጫ ገብቼ ማንም ያላዘዘኝን የመጋረጃ ጨርቅ እየዳሰስኩ ዋልኩ። ስመለስ ጎረቤቴ ምን አሉሽ አለችኝ፤ ደህና ነሽ አሉኝ አልኳት። አራተኛውንማ አልሞከርኩትም። ቀኑን ረስቼው አይደለም፤ ጠዋት አስታውሼው ስፌቴን ቀጠልኩ።

ፍርሃት ነው ብልሽ ግማሹን ብቻ መንገር ይሆንብኛል። ሞትንማ ማን አይፈራም? እኔ የፈራሁት ተኝቼ መታከምን ነው። እኔ አንድ ሳምንት ብተኛ እማዬን ማን ያጥባታል፣ ማን ያጎርሳታል፣ በሩን ከፍታ ስትወጣ ማን ይከተላታል? ለመታመምም ምትክ ያስፈልጋል፣ እታለም። እኔ ምትክ ስለሌለኝ ላለመታመም ወሰንኩ። ካላወቅሁት የለም አልኩ። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» እያለች ካሳደገችን እናት ጋር እየኖርኩ፣ ተረቱ ጠፍቶኝ አይደለም።

ይቅርታ፣ እማዬ ነቅታ ነበር። ሻይ ሰጥቻት፣ መስኮቱ ጋ አስቀምጫት መጣሁ።

አሁን በስልክ ስለማውቃት ሲስተር ልንገርሽ። የቀሩትን ታካሚዎች እየደወለች የምትጠይቅ ነርስ አለች። በቀረሁ በማግሥቱ ስልኬ ይጠራል። ድምፅዋ ቀስ ያለ ነው፤ በጠዋት ብትደውልም የምሽት ድምፅ ነው ያላት። ትናንት ቀጠሮ ነበረዎት፣ ምነው ቀሩ ትለኛለች። ቅጹ ላይ ለምክንያት የተተወላት ቦታ ጠባብ ነው መሰለኝ፣ ወሬ ሳስረዝምባት ባጭሩ ምን ብዬ ልጻፍ ትላለች። አንዴ ጉንፋን ይዞኝ ነው አልኳት። አንዴ ለቅሶ ገጥሞኝ ነው አልኳት፤ ማን ሞተብዎት ብትለኝ ማንን እገድል እንደነበር እንጃ።

ከአራተኛው በኋላ ስትደውል የት እንደነበርኩ ታውቂያለሽ? እማዬን ይዤ እዚያው ግቢ ውስጥ። የግራው ሕንፃ ጣሪያ እየተቀየረ ስለነበር ለጊዜው ወደ ቀኙ አዛውረውናል። ኮሪደሩ ላይ፣ አንድ ቢሮ መስኮት ሥር ባለ አግዳሚ ወንበር ተቀምጠን ተራ እንጠብቃለን። እማዬ ስም ሲጠራ ደስ ይላታል። ሠላሳ አራት ዓመት ክፍል ውስጥ ስም ስትጠራ የኖረች መምህር አይደለች? የተጠራው ሰው ቶሎ «አቤት» ካላለ «ቀሪ!» ትላለች ጮክ ብላ፣ ሰዉ ይስቃል። ስልኬ ጠራ፣ ቁጥሩን አየሁት። ዝም ብዬ እንዳልተወው ጩኸቱ እማዬን ይረብሻታል። አነሳሁና ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ ከተማ ውስጥ የለሁም፣ እህቴ ጋ ከሄድኩ ሰነበትኩ አልኳት።

አዎ፣ አንቺ ጋ። አንድም ቀን ያልረገጥኩትን ቤትሽን ምክንያት አደረግሁት።

መቼ ይመለሳሉ ብላ ጠየቀችኝ። ጥያቄዋን ሁለት ጊዜ ሰማሁት፤ አንዴ ከስልኩ፣ አንዴ ከራሴ በላይ ካለው መስኮት። ነገሩ ሲገባኝ ክው አልኩ። ልዘጋው ስል የካርድ ክፍሉ ሰው ከኮሪደሩ ጫፍ በዚያ ነጎድጓድ ድምፁ የእማዬን ስም ጠራ። ሲስተሯም ሁለት ጊዜ ሰማችው ማለት ነው። ከውስጥ ወንበር ሲንፏቀቅ ሰማሁ፣ በሩ ተከፈተ፣ ሲስተሯ ስልኳን ጆሮዋ ላይ እንዳደረገች ወጣች። እኔም ስልኬ ጆሮዬ ላይ ነው። እጅ ከፍንጅ ተያዝኩ።

በዕድሜ ከእኔ ታንሳለች። ነጭ ጋውኗ ክርኑ ላይ ተቀዶ በሰማያዊ ክር ተሰፍቷል፤ መጀመሪያ ያየሁት እሱን ነው፣ ሙያ አይለቅም። ከላይ እስከ ታች አየችኝ።

«እንኳን ደህና ገቡ» አለችኝ። «መንገዱ እንዴት ነበር?»

እማዬ ቀና አለች። ጋውን የለበሰ ሰው ሁሉ ለእማዬ ርዕሰ መምህር ነው፤ ልትነሳላት ሞከረችና ወንበሩ ላይ ተመለሰች።

«ማነው የቀረው?» አለች።

«አንዲት ናት፣ እማማ» አለች ሲስተሯ፣ ዓይኗን ከእኔ ሳትነቅል። «አራት ጊዜ ቀረች።»

«አራት ጊዜ?» እማዬ ራሷን ነቀነቀች። «እንዲህማ ክፍል አትገባም። ወላጅ ይዛ ትምጣ።»

እታለም፣ ወላጄ እኮ አጠገቤ ነበረች። እጇን ይዤ ነበር። ያን ጊዜ አለቀስኩ፣ ያ ሁሉ ሰው ፊት፣ እንደ ልጅ። እማዬ ትከሻዬን መታ መታ እያደረገች አይዞሽ፣ አያባርሩሽም፣ ነገ አባትሽን ይዘሽ ነይ ትለኛለች። አባባ ከሞተ ዘጠኝ ዓመቱ።

በስልክ «እርስዎ» የምትለኝ ሲስተር ከዚያ ወዲያ «አንቺ» አለችኝ። አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። አጠገቤ ተቀምጣ በሳምንት ሃያ ሠላሳ ሰው ጋ እንደምትደውል፣ ግማሹ እንደማያነሳ፣ ካነሱትም እውነቱን የሚነግሯት ከሁለት ከሦስት እንደማይበልጡ ነገረችኝ። መጀመሪያ መጀመሪያ በጣም ትናደድ ነበር፤ አሁን መናደዱም ደክሟታል። ሐኪሟ ውስጥ አለች፣ ናሙናው ሩብ ሰዓት አይፈጅም፣ እናትሽን እኔ እይዛታለሁ አለችኝ። የእማዬ ተራ ያልፋል ምናምን ማለት ስጀምር ተራዋን እኔ አስይዛለሁ ብላ ክንዴን ይዛ አስነሳችኝ።

ለዚያች ሩብ ሰዓት ነው ዓመት ሙሉ የሸሸሁት። መርፌው ያን ያህል አያምም። ጣሪያውን እያየሁ ተኝቼ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ «አንቺ ተኚ፣ እኔ እይዛታለሁ» ያለኝ ሰው ስንት ነው ብዬ ቆጠርኩ። ከልብስ ተኳሿ ሌላ አላገኘሁም።

ስወጣ እማዬ የሲስተሯን ወንበር ወርሳ ቁጭ ብላለች። ሲስተሯ ዝም እንድትልላት የሳምንቱን የቀሪዎች ዝርዝር ሰጥታታለች። እማዬ መነጽሯን አድርጋ፣ እርሳስ ይዛ ስም ትጠራለች። «አቤት» የሚል የለም፤ እሷ ግን አንዱን ጠርታ ትንሽ ትጠብቅና፣ መጥቷል ብላ ምልክት አድርጋ ወደ ቀጣዩ ታልፋለች። የእኔ ስም ላይ ደረሰች። «አቤት» አልኳት። ቀና ብላ አየችኝ፣ አላወቀችኝም፣ ምልክት አደረገች። ሃያ ሰባቱም መጥተዋል። ሲስተሯ ወረቀቷን ተቀብላ አየችውና «ምነው እውነት በሆነ» አለች።

ውጤቱ በአሥረኛው ቀን ደረሰ። በቀጠሮዬ ሰዓት ተገኝቼ ነው የሰማሁት፣ ይህን እንኳ መዝግቢልኝ። ካንሰር ነው እታለም። ላሳምርልሽ ብል አያምርም። ሐኪሟ አንድ ዓመት መባከኑን አልደበቀችኝም፤ ግን አሁንም ቆርጦ ማውጣት ይቻላል፣ የቀረውን ደረጃ በደረጃ እናየዋለን ብላኛለች። የቀዶ ሕክምናው ቀን የሚመጣው ወር በገባ በመጀመሪያው ማክሰኞ ነው፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል። ይህ ካመለጠኝ ቀጣዩ ተራ ከአራት ወር በኋላ ነው፣ አራት ወር ደግሞ የለኝም። በሰጡኝ ወረቀት ላይ ምግብ ሳይቀምሱ ይምጡ ይላል፣ ጌጣጌጥ አያድርጉ ይላል፣ መጨረሻው ላይ በትልቁ አስታማሚ ይዘው ይምጡ ይላል። ያለ አስታማሚ አያስተኙም። ሳነበው የእማዬ ድምፅ ነው የመጣብኝ።

ተቆጥቼሽ ነበር። ስንት ዓመት ሙሉ። የተማሪዎቼን ፈተና አርሜ ልጨርስና እመጣለሁ አልሽ፣ ቀረሽ። ትምህርት ሲዘጋ አልሽ፣ ልጁ ታመመ። ከዚያ የቤትሽ ጣሪያ ፈሰሰ። አንዱንም አልጠራጠርም፤ ስኳር ዕቃ ውስጥ የተገኘው ቁልፍም እውነት ነበር። ግን ከዚያ ሁሉ እውነተኛ ምክንያት መሃል አንድ ቀን እግርሽ ብቻውን የዞረ ይመስለኛል። እማዬ አይታሽ ማን ነሽ እንዳትልሽ ፈርተሽ ይሆናል። እኔ በር ላይ ደርሼ የተመለስኩ ሰው ምን አፍ አለኝና እፈርድብሻለሁ? ደግሞም ልምጣ ወይ ባልሽኝ ቁጥር ኧረ ተዪው፣ እኔ አለሁ ስል የኖርኩት ራሴ ነኝ። እኔ አለሁ ማለት ደክሞኛል፣ እታለም። ነይ። ይኸው አልኩት።

ማክሰኞ ዕለት እማዬን ልብስ ተኳሿ ትይዝልናለች፣ አንቺ ከእኔ ጋር ነሽ። ከዚያ በኋላ ለአንድ ወር እማዬን ማንሳትም መደገፍም አትችዪም ብለውኛል፤ እሱም የአንቺ ነው። ሰኞ ሳይመሽ ግቢ። እማዬ ጠዋት ጠዋት ስም ሳትጠራ ቁርስ አትቀምስም። የሁለታችንንም ስም ትጠራለች፣ የአንቺን ሁልጊዜ አስቀድማ። እስካሁን ላንቺም «አቤት» የምለው እኔ ነበርኩ። ስትመጪ ራስሽ በያት። ላታውቅሽ ትችላለች፣ ምልክቱን ግን ታደርግልሻለች።

አንድ ነገር ቀረኝ። ሲስተሯ ቅጹን ስትሞላ አስታማሚሽ ማን ነው አለችኝ። የአንቺን ስም አስመዘገብኩ፣ ስልክ ቁጥርሽንም ሰጠኋት። ስለዚህ ያን ማክሰኞ ከቀረሽ የምትደውልልሽ እሷ ናት እንጂ እኔ አይደለሁም። ምክንያት ፍለጋ አትድከሚ፣ ያልሰማችው የለም። እህቴ ጋ ነኝ ልትዪያት ካሰብሽ ግን እውነት አድርጊው።

አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ከአንቺ ጋር በግቢው በር የምታልፍ፣
ታናሽሽ