መቶ ስምንት ዙር የተዞረለት የጎብኚ ቪዛ

ለተከበሩ አቶ ጃናርድሃን ራኦ
የ«ወርቃማ ድልድይ» የውጭ አገር ሥራ አገናኝ ድርጅት ሥራ አስኪያጅ
ካሪምናጋር፣ ሕንድ

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ፣ ለቤተሰብዎና ለእንቅልፍዎ ሰላም እመኛለሁ። እኔ ስዋሩፓ፣ ባለፈው የዲዋሊ በዓል ሰሞን ወደ ባንኮክ የሸኙልን የመሐንዲሱ የማድሁካር ታላቅ እህት ነኝ። የምጽፍልዎ ላመሰግንዎ ሲሆን፣ ውለታዎ ብዙ ስለሆነ እንዳይምታታብኝ በቁጥር አስቀምጬዋለሁ።

፩. ካናዳ ነጥብ ይቆጥራል፣ ጀርመን ቋንቋ ይጠይቃል፣ አሜሪካ ዕጣ ያወጣል። ወንድሜን ሦስቱም ሲመልሱት፣ እርስዎ ምንም የማይጠይቅ አገር ስላገኙለት እግዜር ይስጥልን።

፪. እንደሚያውቁት፣ እኛ ዘንድ ቪዛ ሲለመን ቤተ መቅደሱን አሥራ አንድ ጊዜ፣ ሲገኝ ደግሞ መቶ ስምንት ጊዜ መዞር ነው። እናቴ በታመመ ጉልበቷ የምስጋናውን ስትዞር፣ እኔ ጥላ ሥር ተቀምጬ ፓስፖርቱን ገለጥኩና «ጎብኚ» የሚለውን አነበብኩ። ላስቆማት አልደፈርኩም፤ በዚህም እስከ ዛሬ ራሴን እወቅሳለሁ። በማግስቱ ቢሮዎ መጥቼ ስጠይቅዎ፣ «አይ አንቺ ልጅ፣ እዚያ ሲደርስ ወደ ሥራ ቪዛ ይቀየራል፤ ሰው ሊሄድ ሲነሳ አታሟርቺ» ብለው እንደ አባት ገሠጹኝ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል፤ እኔ ግን ጠርጥሬም ዝም አልኩ።

፫. የላኩለት መኪና ባንኮክ ላይ ሳያቆም፣ ወንዝ አሻግሮ ሌላ አገር፣ በሽቦ የታጠረ ግቢ ድረስ ስላደረሰው፤ ፓስፖርቱንም የግቢው ሰዎች እንዳይጠፋበት ስለተረከቡት እናመሰግናለን። ማሽን ይሠራል ያልነው ልጅ አሁን ተገዶ በስልክ ሰው እያታለለ ገንዘብ ሲያስልክ ይውላል። ለመጀመሪያ ጊዜ ሲደውል ያለው ይህን ብቻ ነው፦ «እህት ዓለም፣ ለእማ ሩዝ አለ በያት። ደግሞ ስለ ጣቶቼ እንዳትነግሪያት።» ስለ ጣቶቹ እስከዚያ የማውቀው ነገር አልነበረም።

፬. የወንድሜን ፎቶግራፍ «ተሳካለት» ከሚል ጽሑፍ ጋር በደጃፍዎ ስለሰቀሉልን እናመሰግናለን። ባለፈው ሳምንት ሥሩ ለመመዝገብ ተሰልፈው የነበሩትን ልጆች ቆጥሬ ሃያ ሰባት ላይ ተውኩት።

ልመናዬ አንድ ነው። ባንኮክ ላይ የተቀበለውን ሰው ስም ለፖሊስ ይስጡልን፤ ያለዚያ ፍለጋው ከየት ይጀመር? ሦስት ጊዜ ቢሮዎ ብመላለስ «ጉዳዩ ሂደት ላይ ነው» ብለውኛል። እኔም ሂደቱን በትዕግሥት እየጠበቅሁ፣ የላኩት ሁሉ ሲመለስ ለማየት ያብቃዎ እያልኩ፣ በጥልቅ አክብሮት እጅ እነሳለሁ።

ምንጊዜም የማትረሳዎ
ስዋሩፓ

ማሳሰቢያ፦ ማድሁካር ሐሙስ ደውሎ ነበር። አለቆቹ ከአገሩ ሦስት መሐንዲሶች በስልክ አግባብቶ እንዲያስመጣ አዘውት፣ በኢንተርኔት ለሥራ ካመለከቱት መካከል ስም ጽፈው ሰጥተውታል። ሁለተኛው ስም ቫምሲ ራኦ ይላል፤ ልጅዎ ሳይነግርዎ አመልክቶ ኖሯል። ማድሁካር እስከ ሰኞ ካልደወለላቸው አለቆቹ ምን እንደሚያደርጉት አልነገረኝም፤ «ምን ላድርግ?» ብቻ ነው ያለኝ። እስካሁን አልመለስኩለትም።