ሳይከፈት ስለ ተሰረዘ ደብዳቤ የቀረበ ምስጋና

ደባርቅ፣ ሰኞ መጋቢት 14 ቀን 2007 ዓ.ም.። ከጧት ጀምሮ ጉም ወርዶ ከመንገዱ ማዶ ያለው ቤት አይታይም፤ ያካፋልም። ይህ ሲጻፍ በላቀው የኢንተርኔት ቤት የነበርነው ባለቤቱ ላቀው፣ እኔ፣ ታናሽ እኅቴ ፋንታዬና ልጇ ሐመልማል ነን።

ለተከበሩ አቶ ፀጋው
የማኅበራት ኢሜይል ማስፋፊያ ክፍል ኃላፊ

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብሁ፣ እርስዎ፣ ቤተሰብዎና የቢሮዎ ኮምፒውተሮች እንደምን ከርማችኋል እላለሁ። እኛ ፈጣሪ ይመስገን ደኅና ነን፤ ደኅና ያልሆነችዋን ወደ ታች ስወርድ አነሣታለሁ።

እኔ የበግ ጠጕር እየፈተልን ባና የሚባለውን ብርድ ልብስ የምናሠራ ሴቶች ማኅበር ሰብሳቢ በለጠች ነኝ። ኢሜይል የሌለው ማኅበር ከዓለም የተቆረጠ ነው ብለው በገዛ እጅዎ የመልእክት ሳጥን እንደ ከፈቱልኝ፣ አድራሻዬንም አስፋልቱ ዳር በቆመው ሰሌዳና በክፍሉ ድረ ገጽ ላይ በትልቁ እንዳስጻፉልኝ አይዘነጉትም ብዬ አምናለሁ። የሰፈሬ ሰው እንኳ በቅጡ የማያውቀኝን ሴት በአንድ ሳምንት ዓለም አወቀኝ። ስለዚህ ውለታ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር እንዳቀርብ ይፍቀዱልኝ።

1ኛ. ስለ ሰዎቹ ብዛት አመሰግናለሁ። ማንበብ የተማርሁት ስኳርና ሳሙና ከሚጠቀለልበት ወረቀት ስለሆነ፣ የተጻፈ ነገር ሳላነብ መጣል አይሆንልኝም፤ የፈረንጁን ላቀው ይተረጕምልኛል። ሰላም ያለንን ሰው ዝም ብሎ ማለፍ ደግሞ በእኛ ዘንድ ነውር ነውና ለሁሉም መለስሁ። ጠጕር የሚያበቅል መድኃኒት ለሚሸጠው ሰው የእኔ ደኅና መሆኑን ገልጬ ስለ ልጆቹ ጠየቅሁት። አንዲት ሴት ባለጸጋው ባሏ እንደ ሞተባትና ከእኔ በቀር ሰው እንደሌላት ብትጽፍልኝ፣ ላቀው "እትዬ፣ ሐሰት ነው፤ ተዪያት" እያለኝ፣ በሞት የሚቀልድ ሰው ይኖራል ብዬ ስላላሰብሁ እግዚአብሔር ያጽናሽ ብዬ ጻፍሁላት። ሟቹን በጸሎት እንዲያስቡልኝም ቄስ ሀብተ ሚካኤልን ለመንሁ። እሳቸው የክርስትና ስሙን ጠየቁኝ፤ እኔ የክርስትና ስሙን ብጠይቃት እሷ የባንክ ቁጥሬን ጠየቀችኝ። ከዚያ ወዲህ ባል የሞተባቸው ሴቶች ተከታትለው ስለ መጡ፣ ቄሱ "በለጠች፣ ለመሆኑ በዚያ አገር የተረፈ ወንድ አለ?" ብለውኛል።

2ኛ. አቤት ብዬ ቢሮዎ በመጣሁ ጊዜ "እትዬ በለጠች፣ ብዙ ደብዳቤ መጣልኝ ተብሎ ይከሰሳል እንዴ?" ብለው ስላሳቁኝ አመሰግናለሁ። አላስፈላጊ መልእክትን ስለ መቀነስ ዳባት ላይ ላዘጋጁልን ሥልጠናም እንዲሁ። መብራት ጠፍቶ ኮምፒውተሩን ባናየውም ንግግርዎን በሙሉ ሰምተናል፤ ያልሰማ እንዳይኖርም ንግግሩ ከነፎቶግራፍዎ በኢሜይል ደጋግሞ ደርሶናል። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ አላስፈላጊ መልእክትን እንድንቀንስ የሚያሳስበው መልእክትዎ ጧትም ማታም ስለሚመጣ፣ ዛሬ ሳጥኔን ከማንም አስበልጠው የሚሞሉት እርስዎ መሆንዎን በደስታ አስታውቃለሁ።

3ኛ. ይህንን አሳጥሬ ብጽፈው ደስ ባለኝ። ሐመልማል ልቧን የታመመች የእኅቴ ልጅ ናት፤ ከገበያው እስከ ቤታችን ያለውን አቀበት ካልታዘለች አትወጣውም። በጥቅምት ወር ከውጭ አገር የመጡ የልብ ሐኪሞች መርምረዋት፣ መቀደድ አለባት፣ ብዙም መቆየት የለባትም ካሉ በኋላ፣ ተራ ሲደርሳት የምንጽፍበት ስጡን ቢሉን እርስዎ የከፈቱልኝን አድራሻ ሰጠኋቸው። ሌላ አድራሻ የለንም።

እርስዎ ደግሞ በታኅሣሥ ወር ደንብ አወጡ። ከማይታወቅ ሰው የመጣ፣ እንኳን ደስ አለዎት የሚል፣ ሙሉ ስምና የልደት ቀን የሚጠይቅ፣ ቶሎ መልስ ስጡ የሚል ደብዳቤ ሁሉ ሳይከፈት ይሰረዝ ይላል። የክፍልዎ ባለሙያ ዋሴም ዓርብ ዓርብ ላቀው ቤት እየመጣ የየማኅበሩን ሳጥን ያጸዳ ጀመር። የሐኪም ደብዳቤ እጠብቃለሁና እባክህ እያየህ ብዬ ብለምነው "እትዬ፣ እንኳን ደስ አለሽ የሚል ፈረንጅ ሁሉ ሌባ ነው" ብሎ አረጋጋኝ። ባሎቻቸው የሞቱባቸውን ሴቶች ግን አልነካቸውም። ለምን ብዬ ብጠይቀው፣ መልስ የጻፍሁላቸው ስለሆኑ በደንቡ መሠረት የታወቁ ሰዎች መሆናቸውን አስረዳኝ፤ "እነዚህማ ያንቺው ዘመዶች ናቸው" አለኝ።

ዛሬ ሐኪሟ ለሁለተኛ ጊዜ ጽፋልናለች፤ ላቀው አነበበልን። በጥር ወር እንኳን ደስ አላችሁ፣ ሐመልማል ተመርጣለች፣ ሙሉ ስሟንና የልደት ቀኗን በቶሎ ላኩልን ብላ ጽፋ ነበር አሉ። መልስ ስላጣች ተራው ለሌላ ልጅ ተሰጥቷል፤ ሐኪሞቹ ተመልሰው የሚመጡበት ጊዜም ገና አልታወቀም። ላቀው አንብቦ ሲጨርስ ፋንታዬ አልጮኸችም፤ አላለቀሰችም። "የደረሳት የማን ልጅ ናት?" ብላ ጠየቀች። አልተጻፈም አላት። "እንኳንም ለእሷ ደረሳት" ብላ የልጇን ነጠላ አስተካከለች። እኔ ግን እንዲህ ማለት አቅቶኝ ይህን እጽፋለሁ።

4ኛ. አራተኛ ነገር ነበረኝ፤ ከሦስተኛው በኋላ ጠፋብኝ።

የተከበሩ ሆይ፣ የተሰረዘው እንዲመለስ ብንጠይቅ አይመለስም ተብለናል። ዋሴን አልከስም፤ የታዘዘውን ሠርቷል። እርስዎንም የምከስበት አቅሙም ቦታውም የለኝም። የምለምንዎ አንድ ነገር ነው፦ ልጅቱ ሳትመልስ የቀረችው በክፍልዎ ደንብ ምክንያት መሆኑን የሚገልጽ አጭር ደብዳቤ፣ ማኅተም አድርገው ለሐኪሟ ይጻፉልን። የእኔን ቃል ብቻውን ብልክላት፣ ከማታውቀው ሰው የመጣ፣ ቶሎ መልሱልኝ የሚል ደብዳቤ ነውና እሷም ሳትከፍት ብትሰርዘው አልቀየማትም።

ለሚበዛው ሥራዎ ጉልበት፣ ለሳጥንዎ ጸጥታ፣ ለልጆችዎ የጠና ልብ እየተመኘሁ፣ በታላቅ አክብሮት እጅ የምነሣ፣ ዓለም የሚያውቀኝ

በለጠች

ማስታወሻ፤ ማክሰኞ ማታ የተጨመረ። ደብዳቤውን ይዤ ቢሮዎ ስደርስ ተዘግቶ ነበር። ዘበኛው ሁላችሁም ለሥልጠና እንደ ወጣችሁ ነግሮኝ፣ የአስተያየት ሳጥኑን ቢያሳየኝ አፉ በፕላስተር ታሽጓል። ስለዚህ አንዱን ቅጂ በርዎ ላይ፣ ሌላ ባዶ ቦታ ስላላገኘሁ እዚያው በተለጠፈው ደንብ ላይ ደርቤ ለጠፍሁት፤ ደንቡን የሚፈልግ ካለ ከሥሩ ያገኘዋል። ከዚያ ላቀው ቤት ሄጄ የሐመልማልን ሙሉ ስምና የልደት ቀን፣ አሁን የጠየቀን ባይኖርም፣ ለሐኪሟ አስላክሁ። መልስ ይመጣ እንደሆነ ላቀው ሊዘጋ እስኪነሣ ድረስ ተቀመጥን፤ አልመጣም። ልጅቱን አዘልሁና አቀበቱን ወጣን። ከመንገድ ላይ አርፈናል፤ የደከመኝ እኔ ነኝ፣ እሷ አውርጂኝ አላለችም።